ግሪዲ ለድርደራ ይሆናል ወይ? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

መነሻ ጽሑፍ

ይህ በአንድ የኮድ ጸሐፊዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ መልሶቹን በተራ አሳጥሬ አቀርባለሁ። ጠያቂው ጀማሪ አይመስልም። ጥያቄውን በሥርዓት ነው ያቀረበው። በረድፍ የሚደረደሩ ዕቃዎች አሉ፤ ዓይነታቸው ይለያያል፤ ገደቡ አንድ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም። ምሳሌውን በፊደል ሰጠ፦ ሀ 2፣ ለ 2፣ መ 3፣ በድምሩ 7።

የጻፈው ኮድ ግሪዲ ነው። በየደረጃው ጥሩ የመሰለውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ዞር ብሎ አያይም። መምረጫው የፊደል ተራ ነበር። አሁን ከተቀመጠው እስከተለየ ድረስ በተራ የሚቀድመውን ፊደል ይወስዳል። ሀለሀለመ ብሎ ሄደና ቀጥ አለ። የቀሩት ሁለቱም መ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠውም መ ነው። መውጫ የለም።

ከዚህች ምሳሌ ተነስቶ ትልቅ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ግሪዲ ገደብ ላለበት ድርደራ አይሆንም፤ የሚያዋጣው ባክትራኪንግ ብቻ ነው አለ። መሞከር፣ ሲያቅት መመለስ፣ ሌላ መንገድ መሞከር። የሚቃወም ካለ በአክብሮት ያስረዳኝ ብሎ ዘጋ። አክብሮቱ እስከ 6ኛው መልስ ድረስ ቆየ።

መልስ 1

ሰላምታ አስቀድሞ፣ ጠያቂውን እርስዎ እያለ ነው የመለሰው። ጥፋቱ የግሪዲ ሳይሆን የመምረጫው ነው አለ። የፊደል ተራ ከገደቡ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ገደቡን የሚያስጨንቀው ብዛት ያለው ዓይነት ነው። ስለዚህ ከቀሩት መካከል የበዛውን ማስቀደም፣ አሁን ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን መውሰድ።

በዚያው ምሳሌ ላይ ሠርቶ አሳየ። መ ሦስት ስለሆነ ይቀድማል። ቀጥሎ ሀ። አሁን መ እና ለ ሁለት ሁለት ቀርተዋል፤ መ ይወሰድ። ከዚያ ለ፣ ሀ፣ ለ፣ መ። ውጤቱ መሀመለሀለመ ሆነ። የትም ቦታ አልተነካኩም።

መልስ 2

1ኛውን ደግፎ አንድ ቁም ነገር ጨመረ። ድርደራው መቻል አለመቻሉ ከመጀመሩ በፊት ይታወቃል። አንድ ዓይነት ዕቃ ቢያንስ አንድ ቦታ እየዘለለ ነው የሚቀመጠው። 7 ቦታ ካለ 1ኛን፣ 3ኛን፣ 5ኛን እና 7ኛን ይይዛል፤ ማለትም ቢበዛ 4። አምስተኛ ከመጣ ሁለቱ የግድ ይነካካሉ። ደንቡን ሲያስቀምጠው፣ ጠቅላላው ቁጥር ላይ 1 ደምሮ ለ2 ማካፈል፤ ከሁሉ የበዛው ዓይነት ከዚያ ካልበለጠ ድርድሩ አለ፤ ከበለጠ መልፋት አያስፈልግም።

መልስ 3

ይህ ሰው 2ኛውን ለማረም ብቻ ነው የመጣው። ቦታው 8 ሲሆን 9 ለ2 ሲካፈል 4.5 ነው። ወደ ላይ ያጠጋጋ ሰው 5 ይላል፤ ይሳሳታል። 8 ቦታ ውስጥ ሳይነካኩ የሚገቡት 4 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ ወደ ታች ነው የሚጠጋጋው ብሎ ጻፈ፤ አመሰግናለሁም አላለም። እርማቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ሰውን ኮድ ላይ የሚያሳድረው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

መልስ 4

በየደረጃው የበዛውን መፈለግ፣ ሂፕ (ትልቁን ወይም ትንሹን ቶሎ የሚያወጣ የመረጃ አደረጃጀት) መገንባት፣ ማውጣትና መመለስ ለምን ያስፈልጋል አለ። እሱ ሌላ መንገድ አለው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ቦታዎች መሙላት፤ 1፣ 3፣ 5 እያሉ እስከ መጨረሻው። ሲያልቁ ወደ 2 ተመልሶ 4፣ 6 እያሉ መቀጠል። ዕቃዎቹን በየዓይነታቸው ሰብስቦ፣ አንዱን ዓይነት ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ ማስገባት። ሂፕ የለም፣ ማወዳደር የለም፣ አንድ ዙር ብቻ።

መልስ 5

ኮዱን አስኪዶ ሰበረው። ሀ 2 እና ለ 3 ሰጠው። ሀ በ1ኛና በ3ኛ ቦታ ገባ። ለ 5ኛውን ያዘ፤ ከዚያ ወደ 2 ተመለሰና 2ኛውንና 4ኛውን ያዘ። የወጣው ሀለሀለለ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ለ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

4ኛው ወዲያው ተመልሶ የዘለለውን አስገባ። ከሁሉ የበዛው ዓይነት የግድ መጀመሪያ መግባት አለበት፤ የሌሎቹ ተራ እንደፈለገ ይሁን። ለ ቀድሞ ሲገባ 1፣ 3፣ 5 ይይዛል፣ ሀ 2 እና 4 ይይዛል፣ ለሀለሀለ ይወጣል።

ምክንያቱንም ጨመረ፤ እዚህ ላይ ነው መልሱ የጣመኝ። አደጋ ሊያመጣ የሚችለው ከጎዶሎዎቹ መጨረሻ ወደ ሙሉዎቹ (2፣ 4፣ 6) መጀመሪያ የሚሻገረው አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። እሱ ከራሱ ጋር ለመነካካት የጠቅላላውን ግማሽ ያህል መሆን አለበት። ያን ያህል ከሆነ ደግሞ ቀድሞት የገባው፣ ከሁሉ የበዛው ዓይነትም ቢያንስ ያን ያህል ነው፤ ጎዶሎዎቹን ሁሉ ሞልቷቸዋል። መሻገር የሚባል ነገር አይኖርም። አጭር፣ ደረቅ፣ ውሃ የሚያነሳ ማስረጃ።

መልስ 6

ይህኛው ገጠመኝ ነው። ጸሐፊዋ ለሥራ ስትፈተን ይሄው ጥያቄ ደርሷት ነበር። የ1ኛውን መልስ መንገድ በሂፕ ጽፋ፣ ኮዷ ፈተናዎቹን ሁሉ አለፈ። ከዚያ ፈታኙ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ አላት። ያየሁት ምሳሌ ሁሉ ይሠራል አለች። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀችም፤ ሥራውንም አላገኘችም። እስካሁን ይቆጫታል። የሚሠራ ኮድ ለጻፈ ሰው ይህ ፍርድ ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

መልስ 7

እዚህ ላይ ክሩ ጦፈ። ፍርዱ ልክ ነው፣ ሲያንስ ነው አለ። መልስ ሸምድዶ ፈተና የሚገባ በዝቷል፤ ለምን ይሠራል ሲባል ጣሪያ ያያል፤ ግሪዲ ደግሞ ለሸምዳጅ ወጥመድ ነው። ሁሌም ትክክል ይመስላል፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ማንም አያውቅም። እስከዚህ ድረስ ነጥብ አለው። ከዚያ ግን ወደ ሰውየዋ ዞረና እንዲህ ያለች ሰው ባትቀጠር ማን ይጎዳል ወደሚል ወረደ። ባይጨምረው ጥሩ ነበር።

መልስ 8

ለማብረድ የገባ ሰው ነው፤ ግን ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው። የፓይተን መደበኛ ሂፕ ትንሹን ነው የሚያስቀድመው፤ የበዛውን ለማስቀደም ቁጥሮቹን በኔጌቲቭ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። 6ኛዋ ይህን አልረሳችም ወይ አለ። አልረሳችም፤ ፈተናዎቹ አልፈዋል ብላለች። የቋንቋ ክርክር ሊጀመር ነበር፤ ደግነቱ 9ኛው ደረሰ።

መልስ 9

ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። የ6ኛዋን ጥያቄ አንስቶ፣ ፈታኙ መስማት የነበረበት ይህ ነው ብሎ ጀመረ።

አንድ ዕቃ ካስቀመጥን በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። የቀረው አሁንም መደርደር ይችላል? ለዚህ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አሁን የተቀመጠው ዓይነት ቀጣዩን ቦታ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከእሱ የቀረው ብዛት፣ ከቀሩት ቦታዎች ግማሽ፣ ወደ ታች ተጠጋግቶ፣ መብለጥ የለበትም። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን ቀጣዩን ቦታ መያዝ ስለሚችሉ ለእነሱ ግማሹ ወደ ላይ ይጠጋጋል። ይህ እስከተጠበቀ ድረስ መንገዱ አይዘጋም። አንድ ጊዜ ከተጣሰ ግን ኮዱ ለጊዜው ቢራመድም ሞቷል።

አሁን ብዙውን ማስቀደም ለምን ይሠራል? አንድ ዓይነት የግድ አሁን ካልተነሳ የሚባልበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ቦታዎች ጎዶሎ ሲሆኑና ያ ዓይነት ከግማሽ በላይ ሲሆን። ከግማሽ በላይ የሆነ ደግሞ ብቻውን ነው፤ ከሁሉ የበዛው እሱ ነው። ብዙውን የሚያስቀድም ኮድ በዚያ ሰዓት የሚያነሳው እሱን ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ የሚሻለውን ቢመርጥም ባይመርጥም ብዙ ለውጥ የለውም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙዎቹ አልፈዋት ነው የሄዱት። እኔ ግን የክሩ ቁልፍ እሷ ናት እላለሁ። ኮዱን የሚያድነው ብዙውን ማስቀደም አይደለም፤ የቀረውን መፈተሽ ነው። ብዙውን ማስቀደም ፈተሻውን ሳይፈትሹ ለማለፍ የሚያስችል አቋራጭ ነው። ፈተሻው በእጁ ያለ ሰው በፈለገው ተራ መምረጥ ይችላል፤ በፊደል ተራም ቢሆን።

መልስ 10

ይህቺን ያላለፋት አንድ ሰው ነበር። እንግዲያው ከሚቻሉት ድርድሮች ሁሉ በፊደል ተራ የመጀመሪያውን ማግኘት ይቻላል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ብዙውን የሚያስቀድመው ኮድ ለዚህ አይሆንም፤ በመ ነው የጀመረው።

መልስ 11

9ኛው ጸሐፊ ራሱ መለሰ፤ የጠያቂውን 7 ፊደሎች ወስዶ በእጁ ሠራቸው። ዘዴው ከጠያቂው ኮድ ጋር አንድ ነው፤ በተራ የሚቀድመውን መውሰድ። ልዩነቱ፣ ከመውሰዱ በፊት የቀረው ይፈተሻል።

ሀ ተወሰደ። የቀረው ሀ 1፣ ለ 2፣ መ 3፤ ቦታው 6። መ ልክ ግማሽ ነው፤ ያስኬዳል። ቀጥሎ ለ። የቀረው ሀ 1፣ ለ 1፣ መ 3፤ ቦታው 5። መ እስከ 3 ይፈቀድለታል፤ ያስኬዳል። ሦስተኛው ላይ ሀ ቢወሰድ የሚቀረው ለ 1 እና መ 3 ነው፤ ቦታው 4፣ ግማሹ 2። መ በለጠ። ሀ ተከለከለ። ለ ካለፈው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ መ። አራተኛው ሀ፤ የቀረው ለ 1፣ መ 2፣ ቦታው 3፤ ያስኬዳል። አምስተኛው ላይ ለ ቢወሰድ ሁለት መ ለሁለት ቦታ ይቀራሉ፤ አይሆንም። መ ይወሰዳል። ከዚያ ለ፣ መጨረሻ ላይ መ። ሀለመሀመለመ።

የጠያቂው ኮድና ይሄኛው እስከ ሁለተኛው ፊደል ድረስ አብረው ነው የሄዱት። ሦስተኛው ላይ ተለያዩ። የጠያቂው ኮድ ቀጥ ያለው አምስተኛው ፊደል ላይ ይምሰል እንጂ ጉዳዩ ያለቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ባክትራኪንግ ቢሆን እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ተጋጭቶ፣ ደረጃ በደረጃ ይመለስ ነበር። ፈተሻው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

መልስ 12

ጠያቂው ተመለሰ። እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ሆኗል። ቀላሉን ገደብ ይዛችሁ ነው የምትፎክሩት አለ። ገደቡን ላክብደው፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ዕቃዎች መካከል ቢያንስ ሁለት ሌሎች ይግቡ። ማለትም ርቀታቸው ከ3 አይነስ። ግማሽ ምናምን የሚባለው ስሌት አሁን የት ይገባል?

መልስ 13

ስሌቱ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም ተብሎ ተመለሰለት። ከሁሉ የበዛውን ብዛት ውሰድ፤ አንድ ቀንስ፤ በርቀቱ አባዛ፤ ከዚያ በዚያው ከፍተኛ ብዛት ላይ ያሉ ዓይነቶች ስንት እንደሆኑ ደምር። ውጤቱ ከጠቅላላው ዕቃ ካልበለጠ ድርድሩ አለ። ሀ 3፣ ለ 3፣ መ 1 ቢሆኑ፣ 2 ሲባዛ በ3 ስድስት፤ ሀ እና ለ ሁለቱም ጣሪያው ላይ ስለሆኑ 2 ይደመራል፤ 8። ዕቃው ግን 7 ነው፤ አይቻልም። አንድ መ ቢጨመር ሀለመሀለመሀለ ብሎ ልክክ ይላል።

ባዶ ቦታ መተው የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ አይቻልም የሚባል ነገር የለም፤ ርዝመቱ ብቻ ይጨምራል። ፕሮሰሰር ላይ ሥራዎችን ስንደረድርና አንድ ዓይነት ሥራ ከመደገሙ በፊት እረፍት ሲያስፈልግ ጉዳዩ ይሄው ነው። የሚፈጀው ጊዜ ከዕቃው ብዛትና ከዚያ ስሌት ትልቁ ነው። ሀ 3፣ ለ 3፣ መ 1 ያለው ምሳሌ በ8 ቦታ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ፣ ያልቃል።

ጠያቂው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ትንሽ ዝም አለና አዲስ በር ከፈተ።

መልስ 14

ይህም የጠያቂው ነው፤ አጭርና ንዴት ያለበት። ዓይነት የሚባለውን እንተወው። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ብቻ ይሁንና፣ ማን ከማን ጎን መቀመጥ እንደማይችል የሚናገር ዝርዝር ይሰጠን። ግሪዲያችሁን አሳዩኝ።

መልስ 15

ለዚህ ያገኘው መልስ እሱ ያልጠበቀው ዓይነት ነው፤ ማንም አልተከራከረውም። ልክ ነህ፣ እዚህ ላይ ግሪዲ አያዋጣም ተባለ። ዕቃዎቹን ነጥብ፣ መቀመጥ የሚችሉትን ጥንዶች መስመር አድርገህ ብትስል የምትፈልገው እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነካ መንገድ ነው። ይህ የሃሚልተን መንገድ ይባላል። የቅርብ ዘመዱ የሃሚልተን ዑደት ሪቻርድ ካርፕ በ1972 ካወጣቸው 21 አስቸጋሪ ችግሮች አንዱ ነው። ለሁሉም ግራፍ (እንዲህ ላለ የነጥብና የመስመር ሥዕል) የሚሠራ ፈጣን ዘዴ ያገኘ ሰው ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 ያስቀመጠውን የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ይውሰድ፣ እዚህ ምን ያደርጋል ብሎም ቀለደ።

ቁም ነገሩ ግን ከቀልዱ በኋላ ነው። የቀረው መደርደር ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ተመልከቱ አለ። በመጀመሪያው ችግር ጥያቄው ቁጥር ቆጥሮ ይመለሳል። እዚህ ግን ጥያቄው ራሱ የዋናውን ችግር ያህል ከባድ ነው። ግሪዲ የሚሞተው ፈተሻው ሲከብድ ነው።

ዕቃዎቹ ጥቂት ከሆኑ ተስፋ አለ። ለ20 ዕቃ ድርድሮቹን ሁሉ መሞከር 2.4 ኩዊንቲሊዮን አካባቢ ነው፤ ማለትም ከ24 ቀጥሎ 17 ዜሮ። በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ (አንዴ የተሰላውን መዝግቦ መልሶ በመጠቀም) ግን የትኞቹ ተቀምጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ማን አለ የሚለውን ብቻ መያዝ ይበቃል። የትኞቹ ለሚለው 1,048,576 አማራጭ ነው ያለው፤ ኮምፒዩተር ይችለዋል።

መልስ 16

አንዱ ቼዝ ይዞ መጣ። ፈረስ ሰሌዳውን በሙሉ፣ እያንዳንዱን ካሬ አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ ይዙር የሚባለው እንቆቅልሽ የሃሚልተን መንገድ ነው። ቫርንስዶርፍ የሚባል ሰው ግን በ1823 ግሪዲ ደንብ አውጥቶለታል። ቀጥሎ የሚወጣበት መንገድ ከሁሉ ወደሚያንስበት ካሬ ሂድ። መውጫ እየጠበበባቸው ያሉትን ቀድሞ መጨረስ ነው። በ8 በ8 ሰሌዳ ላይ ሁሌም ይሠራል፣ ስለዚህ 15ኛው ተሳስቷል አለ።

መልስ 17

ሁሌም የሚለው ቃል ነው ያጣላቸው። እኩል የሚሆኑ ካሬዎች ሲመጡ የትኛው ይወሰድ እንደሚባል ደንቡ አይናገርም፤ በአመራረጡ ምክንያት ሊሳት ይችላል፤ ሰሌዳው እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ መሳቱ ይበዛል። ጥሩ ግምት ነው፣ ማረጋገጫ የለውም። ለአንድ ሰሌዳ መሥራቱ 15ኛው ያለውን አያፈርስም። 16ኛው ተናዶ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ ሞደሬተሩ ሁለቱን አጠፋ። የቀረው አንዱም ብዙ ነገር የለውም።

መልስ 18

ፈተናዎችን በጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚደለድል ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት እንዳይገጥመው ነው ገደቡ። እሱ የሚጠቀመው ዌልሽና ፓወል በ1967 ለዚሁ ጉዳይ ያቀረቡትን ግሪዲ ነው። ብዙ ግጭት ያለበትን ፈተና አስቀድሞ፣ በሚቻለው የመጀመሪያ ሰዓት ማስቀመጥ። አንድ ፈተና ቢበዛ ከ10 ፈተናዎች ጋር ከተጋጨ 11 የጊዜ ክፍል ሁሌም ይበቃል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። ያነሰ መቻሉን ግን አይነግርህም።

ተራ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ሰጠ። 8 ፈተና፣ በሁለት ቡድን አራት አራት። የአንዱ ቡድን እያንዳንዱ ፈተና ከሌላው ቡድን ሁሉ ጋር ይጋጫል፣ ከአቻው በቀር። ቡድን ለቡድን ከተሄደ 2 ሰዓት ይበቃል። አቻ ለአቻ ከተሄደ፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ ኮዱ 4 ሰዓት ይጠቀማል። ሁሉም ፈተና የግጭቱ ብዛት እኩል 3 ነው፤ ስለዚህ ብዙ ግጭት ያለበትን አስቀድም የሚለው ደንብ አያድንም። የሚገርመው፣ ለማንኛውም ግራፍ (ፈተናዎቹ ነጥብ፣ ግጭቶቹ መስመር ሲሆኑ) ግሪዲው ምርጡን ውጤት የሚሰጥበት ተራ አለ። ችግሩ ያንን ተራ መፈለግ ነው። ተግባራዊ ሰው ስለሆነ፣ ኮዱን በተለያየ ተራ ደጋግሞ አስኪዶ የተሻለውን ይወስዳል። ይህንን መልስ ወድጄዋለሁ፤ ማንንም አልሰደበም።

መልስ 19

አስተማሪ የሚመስሉ ሰው ገቡ፤ ሁሉም አንቱ ነው ያላቸው። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ማትሮይድ (አብረው ሊመረጡ የሚችሉ ነገሮችን የሚገልጽ የሒሳብ መዋቅር) ለሚያውቅ ሰው አያስፈልግም አሉ። ሐስለር ዊትኒ በ1935 ጽንሰ ሐሳቡን አመጡ፤ ኋላ ራዶና ኤድመንድስ ከግሪዲ ጋር አገናኙት። ለማንኛውም ዓይነት ክብደት (ለእያንዳንዱ ነገር ለሚሰጥ ዋጋ) ግሪዲው ምርጡን የሚያወጣው የሚመረጡት ስብስቦች ማትሮይድ ሲሆኑ ነው፤ ካልሆኑ የሚያሳስት ክብደት ይገኛል።

መልስ 20

7ኛው ነው፣ እንደገና። አንቱታውን ጠብቆ፣ ንግግሩን ግን ሳያለሰልስ። ያሉት ልክ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም አላቸው። ማትሮይድ የትኞቹን ልምረጥ ለሚል ጥያቄ ነው። እኛ ግን ሁሉንም ነው የምናስቀምጠው፤ ጥያቄያችን በምን ተራ የሚል ነው። ተራ ለሚገባበት ጉዳይ ኮርቴና ሎቫስ ግሪዶይድ የሚባል ሰፋ ያለ ነገር አምጥተዋል፤ እሱም ቢሆን የጠያቂውን 7 ፊደሎች አይደረድርም። ሰውየው ሻካራ ነው፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። አስተማሪው አመስግነው ወጡ።

መልስ 21

ከሁሉም ወጣ ያለ። ሥራዎችን ለሁለት ማሽን ስናከፋፍል ትልቁን አስቀድሞ፣ ቀለል ላለው ማሽን መስጠት የተለመደ ግሪዲ ነው። 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2 ሰዓት የሚፈጁ ሥራዎች ቢሰጡት አንዱ ማሽን 7 ሰዓት ይሠራል። ሁለቱን 3 ለአንዱ፣ ሦስቱን 2 ለሌላው ብትሰጥ ግን በ6 ያልቃል። ሮናልድ ግራሃም በ1969 ይህ ዘዴ ለሁለት ማሽን ከምርጡ በአንድ ስድስተኛ ቢበልጥ ነው፣ ከዚያ አይብስም ብለው አረጋግጠዋል። ምሳሌው ልክ ጣሪያውን ይነካል። ስለ ድርደራ ገደብ ምንም አይናገርም፤ ግን ትክክል ባይሆንም ምን ያህል እንደሚሳት የሚታወቅ ግሪዲ እንዳለ ያሳያል።

መልስ 22

ጠያቂው ነው። ቁጣው በርዷል። የመጀመሪያው ኮዱ በ9ኛው ፈተሻ እንደተስተካከለለት ተናግሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ረድፉ ክብ ቢሆንስ? የመጀመሪያውና የመጨረሻውም ጎረቤት ናቸው።

መልስ 23

4ኛው ጸሐፊ ነው የመለሰለት። ክብ ላይ ከሁሉ የበዛው ዓይነት ከጠቅላላው ግማሽ፣ ወደ ታች ተጠጋግቶ፣ መብለጥ የለበትም። ለ7 ዕቃ 3 ማለት ነው፤ የአንተ መ እንደምንም ያልፋል። አደራደሩ ግን አይቀየርም። የበዛውን አስቀድመህ 1፣ 3፣ 5 እያልክ ሙላ። ጠቅላላው 7 ከሆነ የበዛው ዓይነት ቢበዛ 5ኛው ላይ ያልቃል፤ 7ኛው ለሌላ ይተርፋል፤ ስለዚህ ከ1ኛው ጋር አይጣላም። ጠቅላላው ለ2 እኩል የሚካፈል ቁጥር ከሆነ የመጨረሻው ቦታ መጨረሻ ላይ ለገባው ዓይነት ነው የሚደርሰው፤ እሱም ከ1ኛው ይለያል። ኮዱ ላይ የሚነካው መቻል አለመቻሉን የሚፈትሸው አንድ መስመር ብቻ ነው።